ለጸሎተ ሐሙስ የታሰበው ዱቄት

ደስ እያለኝ ነው የታሰርሁት። ይህን ስል የሚቆጡኝ ሰዎች አሉ፤ እስር ቤት በደስታ አይገባም ይሉኛል። እነሱ ግን ያን ቀን ጠዋት ኢየሩሳሌም አልነበሩም። ከመቫሰረት ጽዮን፣ ከጊሎ፣ ከሩቅ ከተሞችም ጭምር በአውቶቡስ የመጣው ሕዝባችን፣ ከኢትዮጵያ የገባነው አይሁድ፣ ጎዳናውን ሞልቶት ነበር። የሃይማኖት አባቶቻችን፣ ቄሶቹ፣ ጥምጥማቸውን አስረው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ፊት ፊት ይሄዳሉ። እኔ ድምፅ ማጉያ ይዤ እጮሃለሁ። እንዲያ ያለ ድምፅ ከእኔ ደረት ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የጠየቅነው ነገር ግልጽ ነው። ቄሶቻችን አገር ቤት ሳሉ ያጋቡን ነበር፣ በዓል ይወስኑልን ነበር፣ የሚበላውንና የማይበላውን ይለዩልን ነበር። እዚህ ከመጣን ወዲህ ግን ቃላቸውን የሚቆጥርላቸው መሥሪያ ቤት ጠፋ። ቃላቸው ይከበር ብለን ነው የወጣነው። እኔ ወጣት ነኝና በዚያ ላይ የራሴን ጨመርሁበት። "የራሳችን ቄስ! የራሳችን ትምህርት ቤት! የራሳችን ሱቅ! ከማንም ምንም አንፈልግም!" ሕዝቡ "አንፈልግም!" ብሎ ሲመልስልኝ እግሬ መሬት አልነካም።

ከዚያ ግፊያ መጣ። ፖሊሶቹ ከላይ በኩል ሲገፉን ከጎኔ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቄስ ተንሸራተው ወደቁ። ላነሣቸው ጎንበስ ስል አንገቴን ተያዝሁ፤ እሳቸውንም እኔንም አንድ መኪና ውስጥ ከተቱን። ቄሱ የጊሎ ነዋሪ ናቸው። ጠዋት ከቤታቸው ይዣቸው ስወጣ ልጃቸው በር ላይ ቆማ "ስኳር አለበት፤ ኪኒኑን ውጧል፣ ለምሳ መልስልኝ" ብላኛለች። እሺ ብያታለሁ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ትዝ ያለኝ የእሷ ፊት ነው።

የገባንበት ክፍል የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ካለበት ከኢትዮጵያ ጎዳና ብዙም አይርቅም። ከፍ ብሎ በተሠራው ጠባብ መስኮት በኩል የጥድ ጫፍና ጥቂት ሰማይ ይታያል። ግድግዳው በአረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ተልጧል፤ ወለሉ የበረኪና ሽታ አለው። ጥግ ላይ አንድ ቧንቧ እንደልቡ ይንጠባጠባል። በሩ ብረት ነው፤ በወገብ ልክ ምግብ የሚገባበት መስኮት ተበጅቶለታል።

አንድ ሰው ቀድሞን ገብቶ ኖሯል። ጎልማሳ ነው፣ ጺሙ ረዘም ያለ፣ ነጠላውን በትከሻው ያጣፋ። አስተጣፉን ሳይ የእኛ ወገን እንዳልሆነ ገባኝ፤ የክርስቲያን ነው።

"እናንተም ኢትዮጵያውያን ናችሁ?" አለን ተነሥቶ። "እባካችሁ ዕብራይስጥ የምትችሉ ከሆነ ንገሩልኝ። እኔ የእናንተ ሰልፈኛ አይደለሁም። የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነኝ። በግንብ ከታጠረው ከድሮው ከተማ ዕቃ ይዤ ወደ ግቢያችን ስመለስ ሰልፉ መሐል ገባሁ፤ መልኬን አይተው ሰበሰቡኝ።"

"ታዲያ ዛሬ የእኛ ሆነሃላ!" አልሁና ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ወደ ቄሱ ቀረብ ብሎ ከወገቡ ዝቅ አለ፤ እጁን ግን አልዘረጋም፤ ሰሞነ ሕማማት ነውና እነሱ በዚያ ሳምንት አይጨባበጡም። ቄሱም ጎንበስ ብለው አጸፋውን መለሱ፤ እሳቸውም እጃቸውን ሰበሰቡ፤ የእኛ ፋሲካ ነውና ከሌላ ወገን ሰው አይነካኩም። ሁለቱም እጃቸውን ጋቢና ነጠላቸው ውስጥ ደብቀው ተከባብረው ቆሙ። ማንም ማንን አላስቀየመም። እንዲህ የተመቸ ሰላምታ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

አገር ቤት ሳለን የእነሱና የእኛ ሰዎች አንድ ገበያ ይውሉ ነበር። ማረሻቸውን የሚቀጠቅጠው የእኛ ሰው ነው፣ ጤፋችንን የሚያርሰው የእነሱ። አንዱ ያለ ሌላው ክረምቱን አይወጣውም። ማዕድ ላይ ግን አይገናኙም፤ ሁሉም ወደየቤቱ ሄዶ በሩን ዘግቶ ይበላል። ይህን ሁሉ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ፤ አሁን አንድ ክፍል ተዘግቶብን ስንቀመጥ ነው መልሶ የመጣብኝ።

ቀትር ላይ ምግብ መጣ። ጠባቂው ሪዛም፣ ወፍራም፣ ልጅ ሆኖ ከወላጆቹ ጋር ከሞሮኮ የመጣ ሰው ነው። በመስኮቱ የሰጠን ከካርቶን የወጣ የፋብሪካ ማጻ፣ የተቀቀለ እንቁላልና አይብ ነበር። ማጻ ማለት የዚህ አገር አይሁድ ለፋሲካ የሚበሉት ያልቦካ ቂጣ ነው።

ቄሱ ማጻውን አልነኩም። "ይኸ መቼ ተጋገረ?" አሉኝ።

ካርቶኑን ጠባቂው አሳየኝ። "ከፋሲካ በፊት ነው፤ ቆየት ብሏል አባ" አልኋቸው።

"እንግዲያ ያደረ ነው። የእኛ የፋሲካ ቂጣ ከእሳት ላይ ወርዶ ወዲያው ይበላል እንጂ አያድርም። እንቁላሉስ የተቀቀለበት ድስት አዲስ ነው?"

"አይመስለኝም።"

"በቃ። አንተ ብላ ልጄ፣ አንተ ወጣት ነህ።"

እኔማ ደስታዬን አልቻልሁትም። የጠዋቱ ሰልፍ እዚህ ድረስ ተከትሎን የመጣ መሰለኝ። "ትክክል ነው!" ብዬ ሁሉንም መልሼ በመስኮቱ ገፋሁት። "ከማንም ምንም አንፈልግም ብለናል!"

የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ከጥጉ ሆኖ "ያ ስትጮኽበት የነበረው ድምፅ ማጉያ የማን ነው?" አለኝ።

"ከሩሲያ የመጡ ተማሪዎች አዋሱኝ።"

"አውቶቡሱስ?"

"ተከራይተን ነው።"

"እንዲያው ልጠይቅ ብዬ ነው" አለና ወደ መስኮቱ ቀና አለ። ቄሱ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ሲስቁ አየኋቸው። ነደደኝ፤ ግን እኔንም ሳቅ አሸነፈኝ።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። የቄሱ ግንባር ላይ ላብ ችፍ አለ። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፣ የሚያልብ ነገር የለም። ቀጥሎ ጣቶቻቸው መንቀጥቀጥ ጀመሩ። አባቴም ስኳር ስለነበረበት ምን እየመጣ እንደሆነ አወቅሁት፤ ኪኒኑ ሆዳቸው ውስጥ ነው፣ ምግብ የለም፣ ስኳራቸው እየወረደ ነው። በሩን በሁለት እጄ ደበደብሁ።

ጠባቂው ሮጦ መጣ። ሐኪም እንደሚጠራ፣ ግን ከተማው በሰልፉ ምክንያት ተዘጋግቶ እንደሚዘገይ ነገረኝና ስኳር የተሞላች ትንሽ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ቀድጄ ለቄሱ ዘረጋሁላቸው።

"ከምን እንደ ተሠራ አላውቀውም" አሉ። "ዕድሜ ልኬን በፋሲካ ያላወቅሁትን አልቀመስሁም።"

"አባ፣ ነፍስ ለማዳን እኮ ይፈቀዳል!"

"ነፍሴ መች ወጣችና? ዛሬ ጠዋት ቃላችን ይከበር ብላችሁ ስትጮኹ ነበር። ከሰዓት እኔው ልጣለው?"

ተንበረከክሁ። "እሺ ምን ይብሉ? ምን ላምጣልዎ?"

"ዱቄት፣ ውሃ፣ እሳት። አዲስ ዕቃ። ሌላ ምን እፈልጋለሁ" አሉና ዐይናቸውን ጨፈኑ።

በእስር ቤት፣ ያውም በፋሲካ፣ ያውም ሱቁ ሁሉ የዱቄት መደርደሪያውን በላስቲክ በሸፈነበት ሰሞን! በአንድ እጄ ግድግዳውን መታሁት።

የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ተነሥቶ ቆመ። ተቀመጠ። ደግሞ ተነሣ።

"ዱቄት አለኝ" አለ።

ሁለታችንም ዞርን።

"ይዤው የነበረው ዕቃ ዱቄት ነው። ሲያስገቡኝ ጠረጴዛቸው ሥር አስቀመጡት። ለጸሎተ ሐሙስ ቅዳሴ የታሰበ መገበሪያ ነው፤ ቁርባኑ የሚዘጋጅበት።" ምራቁን ዋጠ። "አንዴ ለመቅደስ ከተባለ ለሌላ አይውልም። አለቃዬ ቢሰሙ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም።"

ቄሱ ዐይናቸውን ሳይገልጡ "ማን ነካው?" አሉ።

"ስንዴውን አንዲት መነኩሴ ለቀሙት፣ አበጥረው አሰጡት። ያልጾመ ሰው አልነካውም።"

"ወፍጮውስ?"

"የድሮው ከተማ ወፍጮ ነው። ባለቤቱ እስላም ነው፤ የእኛ ቀን ሲደርስ ድንጋዩን ጠርጎ፣ ውሃ ሳያስነካ ብቻውን ይፈጭልናል።"

"ስንዴውስ የየት ነው?"

"በመርከብ የመጣ ነው ይላሉ። ከየት አገር እንደሆነ ጆንያው ላይ ተጽፏል፤ እኔ አላነብበውም።"

የቄሱ ከንፈር ነጥቷል። በመጨረሻ ዐይናቸውን ገልጠው ሰውየውን ትክ ብለው አዩት። "ውሃ ካልነካውና እንዲህ ከተጠነቀቃችሁለት" አሉ፣ "በእኛም ቤት ከዚህ የተሻለ አይገኝ። ከሰጠኸኝ እቀበልሃለሁ።"

"ይውሰዱ አባቴ" አለ ሰውየው። "ከሐሙስ በፊት ሌላ እፈልጋለሁ።"

የቀረው ጠባቂው ነው። ዱቄት መሆኑን ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። "ዱቄት? በፋሲካ? በእኔ ጠረጴዛ ሥር? ሐሜጽ!" አለ። ሐሜጽ የሚሉት በፋሲካ ከቤት የሚወገደውን የቦካ ነገር ሁሉ ነው። እጁን ልብሱ ላይ ጠረገ፣ ቀድሞ ከረጢቱን ሲያነሣ የተበከለ ይመስል።

"አልቦካም! ውሃ አልነካውም!" ብዬ ጮኽሁ። "ማጻስ ከምን ይሠራል? ከዱቄት አይደለም? ቶሎ ታሽቶ ቶሎ ከተጋገረ በአንተም ሕግ ይበላል!"

"በማን ፈቃድ? ማን ተቆጣጠረው?"

"እሳቸው" አልሁ በጣቴ ወደ ቄሱ እያመለከትሁ። "ቄስ ናቸው።"

ጠባቂው በመስኮቱ አጎንብሶ ቄሱን አያቸው። ግድግዳ ተደግፈው፣ ጥምጥማቸው ወደ ጎን አዘንብሎ፣ እጃቸው ጭናቸው ላይ እየተንቀጠቀጠ ነበር። "አባቴ ሞሮኮ ሳለን ተራራው ላይ ራሱ ነበር የሚጋግረው" አለ በቀስታ። "እዚህ ስንመጣ ካርቶን ሆነ።" ከዚያ እየተቻኮለ ሄደ።

ሲመለስ አንድ ዐይን ያላት የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ገና ከላስቲኩ ያልወጡ የአሉሚኒየም ትሪዎችና ከረጢቱን ይዞ ነበር። ከረጢቱን በሁለት ጣት ነው ያንጠለጠለው። ትሪዎቹንና ከረጢቱን በመስኮቱ አሳለፈልን፤ ምድጃዋን ከበሩ ውጭ ወንበር ላይ አስቀምጦ ሶኬት ሰካ። ልቤ እንደ ሰልፉ ጊዜ መምታት ጀመረ።

አሁን ደግሞ ማን ያቡካው የሚል ነገር መጣ። ቄሱ እጃቸው አይታዘዝም። የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቤተልሔም ውስጥ፣ ማለትም የቁርባኑ ኅብስት በሚሰናዳበት ቤት የኖረ ነው፤ ሊጥ ያውቃል። ነገር ግን የክርስቲያን እጅ ያሸው ቂጣ ለቄሱ አይሆንም፤ እሱም ይህን ያውቃል። እጆቹን ወደ ኋላው አጣምሮ አጠገቤ ቆመ። "አንተ አድርግ፣ እኔ እነግርሃለሁ" አለኝ።

እኔ! ሻይ እንኳ አፍልቼ የማላውቅ ሰው። ከቧንቧው እጄን እስከ ክርኔ ታጠብሁ።

"ዱቄቱን ክመር። መሐሉን ጎድጉድ። ውሃ ትንሽ፣ ትንሽ! አፍስሰህ አትጨርሰው!"

"ፍጠን" ይላሉ ቄሱ ከወዲያ፣ "ከቆመ ይቦካል፣ እጅህን አታሳርፍ!"

"በመዳፍህ፣ በጣትህ አይደለም! ግፋው! እጠፈው!"

ጠባቂው ነገሩ ባይገባውም ከበሩ ውጭ ሰዓቱን እያየ "ማሄር! ማሄር!" ይላል፤ ቶሎ ቶሎ ማለቱ ነው። ሊጡ ጣቶቼ ላይ ተለጥፎ አልላቀቅ አለኝ። ሦስት ሰዎች በሁለት ቋንቋ ይጮኹብኛል፤ እኔም መልሼ እጮሃለሁ። ላቤ ጠብ ሲል የቤተ ክርስቲያኑ ሰው በነጠላው ጫፍ ግንባሬን ጠረገልኝ፣ እጁ ሊጡን እንዳይነካ እየተጠነቀቀ። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሊጡ ድንገት እሺ አለ፤ ለሰለሰ፤ ተሰበሰበ።

ትሪው ላይ በስሱ ዘርግቼ በመስኮቱ አሳለፍሁት። እጄ ምድጃዋ ድረስ አይደርስም፤ የሚያገላብጠው ጠባቂው ብቻ ነው።

"ቆይ" አሉ ቄሱ። "ያ ሰው እጁን ታጥቧል? ዛሬ የቦካ ነገር አልነካም? ጠይቀው።"

ተረጎምሁለት። ጠባቂው አፉን ከፍቶ ቀረ። በዚህ አገር እኛን ሲጠይቁን ነው የኖሩት፤ ትክክለኛ አይሁድ ናችሁ ወይ፣ ማን መሰከረላችሁ ወይ እየተባልን። አሁን ደግሞ መርማሪው እስር ቤት ውስጥ ወለል ላይ የተቀመጡ ቄሳችን ሆኑ። ጠባቂው ሳቁ እያመለጠው "አልነካሁም በላቸው" አለና ሄዶ ታጥቦ፣ እጁን ወደ ላይ ይዞ እንደ ሐኪም እያንጠባጠበ ተመለሰ።

ቄሱ አዩትና ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ቂጣው ተገለበጠ። ሽታው ኮሪደሩን ሞላው። ከሌላ ክፍል አንድ እስረኛ በዐረብኛ ምን እንደሆነ ጠየቀ፣ ሌላው መለሰለት፣ ሳቅ ተሰማ።

ቂጣው ሲገባ ትኩስ ነው፤ አንዱ ጎኑ አርሯል፣ ሌላው ወፍሯል። ያፍርበታል ያልሁት የቤተ ክርስቲያኑ ሰው "ለመጀመሪያ ጊዜ መጥፎ አይደለም" አለ። እኔ ቄሱን እንደተቀመጡ ላጎርሳቸው ቁራሽ ዘረጋሁ። ቄሱ እጄን መለሱት።

"አንሣኝ" አሉ።

"አባ፣ ይብሉ በመጀመሪያ!"

"አንሣኝ አልሁህ። ተቀምጬ አልባርክም።"

ከብብታቸው ይዤ አቆምኋቸው። ሰውነታቸው እየራደ ጥምጥማቸውን አቃኑ። ወደ መስኮቷ፣ ወደ ድሮው ከተማ በኩል ዞረው በግዕዝ ባረኩ፤ ድምፃቸው ቀጭን ነበር ግን አልተቆራረጠም። የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ግዕዙን ሲሰማ ቀና አለ፤ እሱም ያውቀዋል። ከዚያ ቄሱ ቆርሰው በሉ። አላምጠው እስኪውጡ ሁላችንም አፋቸውን እናያለን። ደግመው ቆረሱ። ጥቂት ቆይቶ ጣቶቻቸው ጸጥ ሲሉ አየሁ። እንባዬ መጣ፤ ምንም አልደበቅሁትም።

እየበሉ አንድ ቁራሽ ለየብቻው በንጹሕ ትሪ ላይ አስቀመጡና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሰው ገፉለት። በእጁ አልሰጡትም፤ እሱም በእጁ አልጠበቀም። "ጨውም ቅባትም የለው፤ ለጾምህ ይሆናል" አሉት።

"ይሆናል ቄስ" አለ። እስከዚያ ድረስ አባቴ ነበር የሚላቸው። ቁራሹን በነጠላው ጠቅልሎ ጾሙ የሚፈታበትን ሰዓት ሊጠብቅ አስቀመጠው።

ጠባቂው በመስኮቱ እንዳጎነበሰ አልሄደም። አንድ ነገር ሊል ፈልጎ አፍሯል። ቄሱ ትንሽ ቆርሰው ሰጡኝና "ለእሱ" አሉ። ሰጠሁት። መዳፉ ላይ አድርጎ አገላበጠው።

"ጠይቃቸው" አለኝ ቀስ ብሎ። "ካሸር ነው? እኔ ብበላው ይፈቀድልኛል?"

ተረጎምሁ። ቄሱ ቀጥ ብለው አዩት።

"ይፈቀዳል" አሉ።

ጠባቂው ሌላ አልጠየቀም፤ ማን ሾማቸው፣ ማን መሰከረላቸው አላለም። ራሱን በእጁ ሸፍኖ ባረከ፣ ጎረሰ። ያንን ያህል ሕዝብ ጉሮሮው እስኪደርቅ የጮኸበት ነገር ይኸው ነበር። ማንም ፎቶ አላነሣም፣ ሬዲዮም አልተናገረም። እኔ ግን በሩን ይዤ ቆሜ አይቻለሁ።

ሐኪሙ የደረሰው ከመሸ በኋላ ነው፤ በማግስቱ ጠዋት ፈቱን። ልጃቸው በር ላይ ቆማ በቁጣ ተቀበለችኝ፤ ይገባታል። የቤተ ክርስቲያኑ ሰው የጎደለ ከረጢቱን ታቅፎ ወደ ወፍጮ ቤቱ ተመለሰ፣ እኔም አብሬው ወረድሁ። ባለ ወፍጮው እስላም ታሪኩን በምልክት ጭምር ሰምቶ የጎደለውን ሞላለትና በነፃ ነው ብሎ እጁን አወናጨፈ።

ቄሱ ካረፉ ቆይተዋል። አቋሜን የተውሁ አይምሰላችሁ፤ ቄሶቻችን በገዛ አፋቸው ይናገሩ የሚለውን ዛሬም ቢሆን እጮኽለታለሁ። ድምፅ ማጉያው የተውሶ መሆኑን ግን አልረሳም። ፋሲካ በመጣ ቁጥር ቂጣውን በቤቴ የምጋግረው እኔ ነኝ፤ ዱቄቱም ከዚያው ወፍጮ ነው። ልጆቼ በግማሽ አማርኛቸው "አባ፣ ይህን ማን ሠራው?" ይሉኛል። ስለ መነኩሴዋ እጀምራለሁ፣ ስለ ወፍጮው፣ ስለ መርከቡ፣ ስለ ጠባቂው ምድጃ። ሳልጨርስ ቂጣው መብረድ ይጀምራል።

"ብሉ" እላቸዋለሁ፣ "ሳያድር።"